ሰማንያ ዘጠነኛው ቁልፍ

የራሱን ገንዘብ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ዕቃ መምረጥ ሳያውቅ ቢከስር የሚጎዳው ራሱ ነው። የማኅበር ገንዘብ ይዞ የወጣ ሰው ግን በእጁ ያለው የብዙ ሰው ላብ ነውና ምርጫው ይከብደዋል። በዚያ ገንዘብ ውስጥ የነጋዴው ብዙ ሺህ ብር አለበት፤ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉት እናት ሃምሳ ብርም አለችበት። ገዢዎቹ ደግሞ ስለሚገዙት ዕቃ ብዙ የማያውቁ ሲሆኑ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሻጩም ይህንን ከፊታቸው ላይ ለማንበብ ጊዜ አይፈጅበትም።

በዚህ ሳምንት አንባቢዎቼን ላጫውት ያሰብኩት ነገር ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያን ዲጂታል ፒያኖ ስትገዛ እንዴት መምረጥ ይገባታል የሚለው ነው። ጥያቄው የመጣው ከኢምፔሪያል ነው። ኢምፔሪያል ማለት፥ ከመገናኛ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በቀለበት መንገዱ ሲወርዱ፥ ወደ ገርጂ በሚወስደው መገንጠያ ዙሪያ የሚገኝ፥ ስሙንም ከኢምፔሪያል ሆቴል የወሰደ ሰፈር ነው። በዚያ አካባቢ ያለ አንድ የወንጌላውያን ጉባኤ ምእመናኑ ያዋጡትን ገንዘብ ይዞ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ኮሚቴውም «ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለ ድምፅ አንድ ነገር አያጣም» ብሎ ለምክር ጠራኝ።

በስብሰባው ላይ ሦስት አሳብ ቀረበ። አንድ ነጋዴ «ከተገዛ አይቀር እውነተኛው፥ ባለ እንጨቱ ፒያኖ ይገዛ፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አሉ። ከመዘምራኑ አንዱ ወጣት ደግሞ «ብዙ መቶ ዓይነት ድምፅ ያለው፥ ከበሮውንም ጊታሩንም ራሱ የሚመታው ኪቦርድ ይሻላል» አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው «ለመሆኑ በጭብጨባና በከበሮ ስንዘምር እግዚአብሔር አልሰማንም ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ሣቀ። ሦስቱም ግን በየፊናቸው እውነት ነበራቸውና፥ አሳባቸውን አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

የሽማግሌውን ጥያቄ ላስቀድም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ያሬድ በወረሰችው ዜማ፥ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ፥ ከከበሮዋ፥ ከጸናጽሏና ከመቋሚያዋ ጋር ስትኖር ፒያኖ አላስፈለጋትም፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ የእርሷ ጥያቄ አይደለም። የወንጌላውያን ጉባኤዎች ግን ሚሲዮናውያን ይዘውት በመጡት በእግር በሚነፋው ሃርሞኒየም፥ ከዚያም በአኮርዲዮንና በጊታር፥ ኋላም በኤሌክትሪክ ኪቦርድ እየተረዱ ሲዘምሩ ኖረዋል። በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሎረንስ ሃሞንድ የተባለው አሜሪካዊ በእ.ኤ.አ. 1935 የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን ለገበያ ባወጣ ጊዜ፥ ቀድመው ከገዙት መካከል የቧንቧ ኦርጋን ለመትከል አቅም ያልነበራቸው አብያተ ክርስቲያናት ይገኙባቸዋል። ሽማግሌው ልክ ናቸው፤ መሣሪያ ለዝማሬ አጋዥ ነው እንጂ ዝማሬው ራሱ አይደለም። ይህንን መጀመሪያ ያወቀ ኮሚቴ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ወደ ነጋዴው አሳብ እንሂድ። ባለ እንጨቱ ፒያኖ ግሩም ነገር ነው። በውስጡ ከ200 የሚበልጡ የብረት ክሮች ተወጥረውበታል፤ የክሮቹ ጉተታ ቢደመር ከ15 ቶን በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጉተታ የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ ቢሆንም፥ ድምፁን የሚያሰፋው ሰሌዳ ግን እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ በክረምት እርጥበት ያብጣል፥ በበጋ ይኮማተራል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፒያኖ በዓመት ቢያንስ አንድ ሁለት ጊዜ መቃኘት አለበት፤ በከተማችን ደግሞ ፒያኖ የሚቃኝ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ክብደቱም ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት እንኳ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልክ፥ ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጭኖ ሌላ ቤት የሚፈልግ ጉባኤ ይህን ተሸክሞ ሲዞር ማየት ያሳዝናል። ሳይቃኝ የቀረ ፒያኖም ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ወንበር ጠባቂ ሆኖ ነው።

ዲጂታሉ ፒያኖ ክር የለውም። የታላቅ ፒያኖ ድምፅ በማይክሮፎን ተቀድቶ፥ በየሰከንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ ተለክቶ (በሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ የሚለካው በሰከንድ 44,100 ጊዜ ነው) በቁጥር ተጽፎ ይቀመጥበታል። ጣት ቁልፉን ሲጫን፥ ከሥር ያሉት ትንንሽ ማብሪያዎች አንዱ ከሌላው በስንት ጊዜ ልዩነት እንደ ተነካ ይለካል፤ ፈጥኖ የወረደ ጣት ከፍ ያለ ድምፅ፥ ቀስ ብሎ የወረደ ጣት ለስላሳ ድምፅ ያወጣል። ዝናብ ቢመጣ ፀሐይ ቢወጣ ቅኝቱ አይናጋም። ሁለት ጎረምሶችም ተሸክመው ደረጃ ያወጡታል።

አሁን የወጣቱ አሳብ ቀረ፤ እርሱም ከሁሉ ጠንካራው ነው። ዛሬ በየጉባኤው «ኪቦርድ» አንዳንዴም «ኦርጋን» እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 61 ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም እንደ ላባ የቀለለ ነው። በግራ እጅ አንድ ኮርድ ሲነካ ከበሮው፥ ባሱና ጊታሩ አብረው ይነሣሉ። ፈጣን መዝሙር ለሚወድ፥ ሌላ መሣሪያ ለሌለው ጉባኤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የመኪናው ከበሮ አንዴ ከተነሣ ሕዝቡን አይጠብቅም። እናቶች አንድን ቃል ወደው ሊያስረዝሙት ቢፈልጉ፥ ሽማግሌ ትንፋሽ ቢያጥራቸው፥ እርሱ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ፒያኖ ግን ካልነኩት አይናገርም፤ ከነኩትም በኋላ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፤ በዚያም ክፍተት የሰው ድምፅ ይሰማል። ጉባኤው በአንድነት እንዲዘምር የሚፈለግ ከሆነ ይህ ልዩነት ብዙ መቶ ዓይነት ድምፅ ከመያዝ ይበልጣል።

ኪቦርዱ የሚበልጥበትም ስፍራ አለ፤ እርሱም የቅኝት ነገር ነው። የፒያኖን ጥቁር ቁልፎች አምስቱን ብቻ በተራ ብንነካ የምንሰማው ትዝታን ነው፤ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺሆዬንም ጥቁርና ነጩን እየቀላቀልን እናገኛቸዋለን። ይሁን እንጂ መሰንቆ መቺና የአገር ቤት ዘማሪ አንዳንዱን ድምፅ ከፒያኖው ቁልፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል፤ ለጆሮም ጣዕሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቹ ባለ ምት ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ ከመካከለኛ ዋጋ ዲጂታል ፒያኖዎች ውስጥ ግን ይህ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ጉባኤው ዝማሬው በመሰንቆና በክራር የታጀበ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። በጊታርና በባስ የታጀበ ከሆነ ግን እነርሱም እንደ ፒያኖው የተቃኙ ስለ ሆኑ ችግር የለም።

እንግዲህ ዲጂታል ፒያኖ ይሁን ከተባለ ምን ምን ይታያል?

አንደኛ፥ ቁልፉ 88 ይሁን፤ ክብደትም ይኑረው። በሱቅ ውስጥ «ሰማንያ ስምንት ነው» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ክብደት ያለው አይደለም። ክብደት ባለው ቁልፍ የተማረ ጣት በማንኛውም መሣሪያ ላይ ይሠራል፤ በቀላሉ የተማረ ጣት ግን እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀርብ ይደክማል።

ሁለተኛ፥ ባንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ያሰማል? ይህን ሻጮች ፖሊፎኒ ይሉታል። ፔዳሉ ተረግጦ ኮርድ በኮርድ ላይ ሲደራረብ ቁጥሩ ያነሰ እንደ ሆነ የቀደሙት ድምፆች ይቆረጣሉ። ለመዝሙር 64 ይበቃል፤ 128 ከሆነ አያሳስብም። ለምሳሌ ያማሃ ፒ-45 የተባለው 64፥ ካዋይ ኢ-ኤስ-120 192፥ ሮላንድ ኤፍ-ፒ-30-ኤክስ 256 ድምፅ ያሰማሉ። በ64ና በ256 መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ኮንሰርት ተጫዋች ትልቅ ነው፤ «ሃሌ ሉያ» ለሚል ጉባኤ ግን ትልቅ ገንዘብ የሚያስጨምር አይደለም።

ሦስተኛ፥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፥ የድምፅ መውጫው ነው። የእነዚህ ፒያኖዎች የራሳቸው ድምፅ ማጉያ ለሳሎን የተሠራ ነው፤ ፒ-45 በግራና በቀኝ 6 ዋት፥ ኤፍ-ፒ-30-ኤክስ 11 ዋት አላቸው። ሦስት መቶ ሰው በሚዘምርበት፥ ይልቁንም የሐምሌ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ በሚደበድብበት አዳራሽ ይህ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። ስለዚህ ፒያኖው ከአዳራሹ ሚክሰር ጋር መገናኘት አለበት። ሮላንዱና ካዋዩ ለዚሁ የተለየ መውጫ ሲኖራቸው፥ ፒ-45 ግን ያለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 2023 የወጣው ተተኪው ፒ-145ም እንዲሁ ነው። በዚያም ቀዳዳ ማገናኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ገመዱ ሲሰካ የራሱ ድምፅ ማጉያ ይዘጋልና ተጫዋቹ ራሱን ለመስማት ሌላ ድምፅ ማጉያ ያስፈልገዋል። ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ገመድ አንድ ብቻ ከሆነም በግራው፥ «ሞኖ» የሚል ምልክት ባለበት መውጫ ይሰካ፤ አለዚያ የፒያኖው ድምፅ ግማሹ ይቀራል።

አራተኛ፥ ትራንስፖዝ የሚባለው አለ። መዝሙር መሪው መንፈሱ እንዳነሣሣው በፈቀደው ድምፅ ይጀምራል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ቁልፍ ሲያስስ የመጀመሪያው ስንኝ ያልቃል። ይህ መሣሪያ ጣቱን ሳይቀይር ድምፁን ብቻ ከፍና ዝቅ ያደርግለታል። ታዲያ ማዘዣው በአንድ ንክኪ የሚገኝ ነው ወይስ ሦስት ቁልፍ ባንድነት ተጭኖ? ይህን ሱቅ ውስጥ ሳሉ መሞከር ነው።

ስለ ኤሌክትሪክም ጥቂት ልበል። መብራት ሲጠፋ ባለ እንጨቱ ፒያኖ ይዘምራል፤ ዲጂታሉ ግን ይሞታል። ካሲዮ ፒ-ኤክስ-ኤስ-1100 የተባለው በስድስት ትንንሽ ባትሪዎች ለጥቂት ሰዓታት መሥራት ይችላል፤ ለሌሎቹ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን በኃይል ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ስታብላይዘር ይገዛ፥ መብራትም ሲሄድ ገመዱ ይነቀል።

የአውሮፕላን ማረፊያው ለኢምፔሪያል ጎረቤት ስለ ሆነ፥ «ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይዞልን ይምጣ» የሚል አሳብ በኮሚቴ ሁሉ ይነሣል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይታሰብ። ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ከ11 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቀደው 23 ኪሎ በታች ነው። ርዝመቱ ግን 132 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ርዝመት፥ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከሚፈቀደው 158 ሳንቲሜትር ሳጥኑ ያልፋልና ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ሁለተኛ፥ በአሜሪካ የሚሸጡት አንዳንድ አዳፕተሮች ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ በተሰኩ ጊዜ ያበቃላቸዋል። ስለዚህ በአዳፕተሩ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ ምንም አይሰካ። ሦስተኛ፥ የጉምሩኩን ሒሳብ ዕቃው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት መጠየቅ ነው።

ዋጋውም ከምንዛሪ ጋር ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 600 ዶላር የሚያወጣ ፒያኖ ከቀረጡ በፊት 34,200 ብር የነበረው 60,000 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ምንዛሪው ወደ ላይ ሄዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋጣ የቆየ ገንዘብ ዓይን እያየ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ብቻ በጥንቃቄ ይገዛ። 88ቱም ቁልፎች አንድ በአንድ መጀመሪያ በቀስታ፥ ከዚያ በኃይል ይነኩ። ፔዳሉ ይረገጥ። የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ይደመጥ። ግማሽ ሰዓትም በርቶ ይቆይ፤ ሲሞቅ የሚያጉረመርም መሣሪያ አመሉን ያን ጊዜ ያሳያል። ከተዋጣውም ገንዘብ ሁሉንም ፒያኖው አይጨርሰው፤ የብረት መቆሚያ፥ የማይንሸራተት ፔዳል፥ ደኅና ገመድና ከአቧራ የሚከላከል የጨርቅ ልብስ ሳይገዙ የተገዛ ፒያኖ ጫማ ሳይገዙለት ትምህርት ቤት እንደ ላኩት ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር ብለው «ታዲያ ልጄ፥ የትኛውን እንግዛ ትለናለህ?» አሉኝ። «አባባ፥ ማን ይጫወተዋል ብለው ነው የሚገዙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ ጉባኤው ያለው ተጫዋች አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሥራ ምክንያት ከከተማ የወጣ እንደ ሆነ የድሮው ኪቦርድ ተሸፍኖ ይውላል። መማር የሚፈልጉ ልጆች ግን አራት አሉ፤ አንዷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት ላይ ቁልፍ ሥላ ጠረጴዛ ላይ ትለማመዳለች ተባለ። የድሮው ኪቦርድ ከእሑድ በቀር የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ብጠይቅ፥ «እንዳይበላሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል» አሉኝ።

የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ይመስለኛል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አምልኮው ሦስት ሰዓት፥ የመዘምራን ልምምድም ሦስት ሰዓት ቢወስድ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ 162 ሰዓት ተቆልፎ ይቀመጣል። ዕቃው አይበላሽም፤ ልጆቹ ግን ሳይማሩ ያድጋሉ። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ሰማንያ ዘጠነኛው የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ነው፤ እርሱ በማን እጅ እንዳለ ሳይወሰን የቀሩትን መምረጥ ትርፉ ድካም ነው።

ፒያኖ የሚታወቀው በሰዓት ብዛት ነው። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፥ ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉት፥ በወጣትነታቸው በካይሮ ሲማሩ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቫዮሊንና በፒያኖ ይለማመዱ እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያ መንኩሰው ግሸን ማርያም ገቡ። በእ.ኤ.አ. 1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም እስከ አረፉበት ጊዜ ድረስም ፒያኖ ከእጃቸው አልተለየም። ፒያኖ ባልገባበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኖሩ መነኩሲት የአገራችንን ዜማ በዚያ መሣሪያ እንዲናገር ያደረጉት በመሣሪያው ውድነት ሳይሆን በዕለት ተዕለት ልምምድ ነው። ዛሬ በዓለም መድረክ የሚጫወተው ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነቱ የተማረው ክራር ነበር፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያም በሶፍያ፥ ቡልጋርያ፥ ተማረ። መሣሪያው ያለበት በር ባይከፈትለት ኖሮ ጣቱ ምን እንደሚችል ማንም ባላወቀ ነበር።

ዲጂታል ፒያኖ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካበት ከተጫዋቹ በቀር ማንም አይሰማም፤ ጸሎት ላይ ያሉትንም፥ ጎረቤትንም አይረብሽም። ስለዚህ ኮሚቴው ከመግዛቱ በፊት አንድ ወረቀት ይጻፍ፤ በሳምንት ስንት ቀን ተከፍቶ ይውላል፥ ማን ያስተምራል፥ ልጆቹ በየተራ ስንት ስንት ሰዓት ያገኛሉ፥ ቢበላሽ ማን ያሠራዋል የሚለው በዚያ ላይ ይስፈር። ለመምህሩም ከፒያኖው ዋጋ ላይ ጥቂት ይቀነስለት፤ በ256 ፈንታ 128 ድምፅ ያለው ቢገዛ የሚተርፈው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ትምህርት ይበቃ ይሆናል። ወደ ሱቅ ሲኬድም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጫዋቹና ከልጆቹ አንዷ ይሂዱ፤ ቁልፉን የሚነኩት እነርሱ ናቸውና ሻጩ ሲናገር ሽማግሌዎቹ፥ ፒያኖው ሲናገር ልጆቹ ያድምጡ።